ስለ ተማሪ አለቃና ስለ አገልግሎት

በክርስቲያን ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪን በተማሪ ላይ አለቃ አድርጎ መሾም የቈየ ልማድ ነው። ልማዱም መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁ ሹመቱን በተቀበለ ማግሥት ምን እንዲሠራ እንደምናዝዘው ካላሰብንበት፥ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ትንሽ ጭቃ ሹም አድርገን እንለቀዋለን።

አንባቢ ሆይ፥ ሞኒተር የሚባለውን የክፍል አለቃ ታስታውሰዋለህ። መምህሩ ሲወጣ ጠመኔ ይዞ ይቆማል፤ የጮኹትን ልጆች ስም በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ መምህሩ ሲመለስ ስማቸው የተጻፈው ይገረፋሉ። ብልጥ የሆነው ልጅ እፍኝ ቆሎ ሰጥቶ ስሙን ያስጠፋል፤ ድኻው ግን ይገረፋል። ይህ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ምን ተማረ ብለን ብንጠይቅ፥ አለቃ ማለት ሌላውን የሚያስገርፍ፥ ራሱ ግን የማይገረፍ ሰው መሆኑን ተማረ። አድጎ በአንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥም የምናየው ይህንኑ ትምህርቱን ሲሠራበት ነው።

የአገራችን የቀድሞ ትምህርት ግን ከዚህ የተሻለ ነገር ነበረው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል የሚቈጥረውን ታናሹን ያስቀጽላል። የኔታ አንድ ናቸው፥ ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ቀድሞ ያወቀው ላላወቀው ይቀመጥለታል። የበላይነቱ የሚታወቀው በዚሁ በመቀመጡ ነው። የሚስዮን ትምህርት ቤቶች ሲመጡም መልካሞቹ በዚሁ መንገድ ሄዱ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ምፅዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። በስዊድን ሚስዮናውያን ዘንድ ተማረ፤ ወደ ስዊድንም ሄዶ ተምሮ ተመለሰ። አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት ወጥታ በምፅዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ ተማረች። ሁለቱም ለኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በማዘጋጀት ደከሙ፤ ኦኔሲሞስ የተረጐመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በአስቴር እርዳታ ጭምር ተፈጽሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ታተመ። በዚሁ አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. ወደ ወለጋ መጥተው ማስተማር ጀመሩ። እነዚህን ሰዎች ማንም የተማሪ አለቃ ብሎ ሪባን አላሰረላቸውም።

መንግሥትም በየዘመኑ ተማሪን ለአገልግሎት ጠርቶአል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሆነ፤ አብዛኞቹም ያገለገሉት በማስተማር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀ፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በትእዛዝ የተደረገ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። በመሠረተ ትምህርቱ ስማቸውን መጻፍ የቻሉ እናቶችን በዐይኔ አይቻለሁና። ነገር ግን የታዘዘ ሰው ትእዛዙ ሲነሣ ዶማውን ይጥላል። የክርስቲያን ትምህርት ቤት ሥራ ትእዛዙ ከተነሣ በኋላም ዶማውን የማይጥለውን ልጅ ማሳደግ ይመስለኛል።

ይህን ስል አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ትዝ ትለኛለች። በ1990ዎቹ ባስተማርሁበት አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ የአገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መረጧት። ከእርስዋ በፊት የነበረው ልማድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ አጠገብ መንደር ሄዶ መዝሙር መዘመር፥ አሮጌ ልብስ ማደልና ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ ነበር። እርስዋ ግን በመጀመሪያው ቅዳሜ ምንም ሳትይዝ ሁለት ጓደኞችዋን ብቻ አስከትላ ሄደች፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ የሚቸግራቸውን ጠየቀች። አንድ አዛውንትም «ልጄ፥ ስለ ልብሱ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ የምናጥብበት ውሃ ግን የለንም» አሉአት።

ምንጩ ከመንደሩ በታች ነበረ፤ ከብቱም ሰዉም የሚጠጣው ከአንድ ኩሬ ነው። የክሊኒኩ ጤና ረዳት ሥራውን አስረዳቸው። በመጀመሪያ ውሃው ከመሬት እስከሚወጣበት እስከ ዐይኑ ድረስ መቈፈር፤ ቀጥሎ በፊቱ የድንጋይ ግንብ መሥራት፤ ከግንቡ ጀርባ ንጹሕ ድንጋይና ጠጠር መሙላት፤ በላዩም ጭቃ ደልድሎ መድፈን ያስፈልጋል። ውሃው በቧንቧ ይወጣል፤ ከበላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቈፈራል፤ ዙሪያው ይታጠራል፤ ለከብቱም ለብቻው ገንዳ ይሠራለታል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ሥራው ግን ስድስት ቅዳሜ ፈጀ፤ ከስድስቱም ሁለቱ ያለቁት አንድ ባላገር ሣሬ ይወሰድብኛል ብሎ አላስቈፍርም ስላለ በሽምግልና ነው። ልጅቱ በእነዚያ ሁለት ቅዳሜዎች ዝም ብላ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተቀመጠች። አርባ ተማሪ ዶማ ይዞ ቆሞ ሲጠብቃት አለመቸኰልዋን ሳይ፥ ይህች ልጅ ከብዙ ሹማምንት ይልቅ አስተዳደር ገብቶአታል አልሁ። መንደርተኞቹ ድንጋዩን አመጡ፥ ትምህርት ቤቱ ስሚንቶውን ሰጠ፥ ተማሪዎቹ አሸዋ ተሸከሙ። እርስዋ የያዘችው ሥልጣን አንድ ደብተር ነበረ፤ በእርሱም ዐሥራ አራት ዶማና ዘጠኝ አካፋ ተመዝግቦ ነበር። ማታ ማታ ዕቃውን ቈጥራ ትረከባለች፤ እጅዋንም የምትታጠበው ከሁሉ በኋላ ነው።

ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ታሪክ ሥዕል ያልተሰቀለበት የክርስቲያን ትምህርት ቤት ቢሮ አላየሁም። ሳህኑን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

የመከር ጊዜ በደረሰ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ልጅቱን አስጠራት። በአገልግሎት ስም ተማሪዎች ሄደው ጤፍ እንዲያጭዱ የአርባ ልጆች ስም ጽፋ እንድታመጣ አዘዛት። እርሻው እርሱ ራሱ የተከራየው መሬት ነበረ። እርስዋም በትሕትና «ጋሼ፥ እርሻው የማን እንደ ሆነ ለተማሪዎቹ ልንገራቸውና የወደደ ይምጣ» አለችው። በሁለተኛው ቀን አለመታዘዝ በሚል ምክንያት ከሰብሳቢነትዋ ተነሣች፤ በምትኳም ሌላ ልጅ ተሾመ። ሦስት መምህራን፥ እኔም አንዱ ነበርሁ፥ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ጻፍን፤ መልስ አልመጣልንም። ጤፉም ታጨደ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ከዚህች ልጅ ቃል የሚሻል የአገልግሎት መመዘኛ አላገኘሁም። ተማሪው የሚሠራው ለማን እንደ ሆነ በግልጥ ይነገረው፤ እምቢ ለማለትም ይቻለው። ከሁለቱ አንዱ ከጐደለ ነገሩ ጉልበት መብላት ነው፤ በጸሎት ቢከፈትና በመዝሙር ቢዘጋም አይለወጥም።

ወላጆችም የሚሉት አላቸው። አንድ አባት «ልጄን የላክሁት ልትማር ነው እንጂ ጭቃ ልታቦካ አይደለም» ብለውኝ ነበር። ፈተና በቀረበበት ሳምንት ቢሆን እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ ለአገልግሎት ከሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፥ በፈተና ጊዜም ይቅር። ዛሬ ደግሞ የአገልግሎቱ ሰዓት ተቈጥሮ ማኅተም ያረፈበት ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ በውጭ አገር ለመማር የሚያመለክቱ ልጆች ይፈልጉታል። ወረቀቱን አልጠላም፤ ልጅን ከተጠቀመበት ይጠቀምበት። የምጠላው፥ ሰዓቱ ሲሞላ ምንጩን ሳይጨርሱ መሄድን ነው።

ልጅቱ ከሰብሳቢነትዋ ከወረደች በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መንደሩ መሄድዋን አልተወችም፤ አጥሩ ገና አልተጨረሰም ነበርና። ያለ አንዳች ጥሪ ከሃያ የማያንሱ ልጆች ተከተሉአት። አዲሱ ሰብሳቢ ሁለት ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ሲሄዱ አያቸው። በሦስተኛው መጥቶ ደብተሩን እንድትሰጠው ጠየቃት፤ እርስዋም ሰጠችው። አብረው ዕቃውን ቢቈጥሩ ሁለት ዶማ ጐደለ። ስለዚህ ሁለቱም መንደርተኞቹን ሊጠይቁ ቍልቍለቱን ወረዱ።