ጓዳ የሚገባ ካሜራ

ከሠርግ ማግሥት ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ዘፈኑም ጸጥ ይላል። ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ፎቶግራፉ ነው። ስለዚህም ፎቶ አንሺን መምረጥ ዋጋ ከማወዳደር የላቀ ቁም ነገር አለው።

በአንድ የታኅሣሥ ቅዳሜ እናትና ልጅ ከመርካቶ ሸማ ተራ የሙሽራ ጥበብ ቀሚስ ገዝተው እንዳበቁ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ፎቶ ቤት ጎራ አሉ። የሠርግ ወር ጥር እየተቃረበ ነበርና ቀብድ ለመክፈል ጊዜው ጠቧል። የባለሙያው አልበም ዓይን ይማርካል፤ ሙሽሮቹ በመናፈሻ፣ ሙሽሮቹ በመኪና፣ ሙሽሮቹ በአበባ መሐል። ልጅቷ ወደደችው። እናት ግን እስከ መጨረሻው ገልጠው፣ «ልጄ፣ እነዚህ ሙሽሮች እናት የላቸውም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄው ከቆየ ቁስል የመነጨ ነው። እናት በ1979 ዓ.ም. ሲዳሩ የፎቶ አንሺው ፊልም 36 ምስል ብቻ ይይዝ ነበር። እርሱም ለሙሽሮቹ፣ ለሚዜዎቹና ለክቡራን እንግዶች አለቀ። በጓዳ ወጥ ሲያማስሉ የዋሉት የሙሽራይቱ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ ሲሉ ካሜራው ማኅደሩ ውስጥ ገብቷል። ከዓመታት በኋላ ባረፉ ጊዜ ለለቅሶው የተገኘችው የመታወቂያቸው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበረች። ልጅቷም አያቷን የምታውቃቸው በዚያች የደበዘዘች ምስል ነው።

በአዲስ አበባ ፎቶግራፍ የለመደው የክብር ወንበርን ነው። ከቀደምቶቹ ባለሙያዎች አንዱ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። ሙያው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ሰፈር ቢወርድም ጓዳ ለመድረስ ግን ዘግይቷል።

በሁለተኛው ፎቶ ቤት ያገኙት ወጣት አልበም እንደ ፊተኛው አያብረቀርቅም። በአንዱ ገጽ ላይ ግን አንዲት ወጥ ሠሪ በጭስ መሐል እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ይስቃሉ።

«ጓዳ ትገባለህ?» አሉ እናት።

«እማማ፣ በማለዳ መጀመሪያ የምገባው እዚያ ነው።»

እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ቀብዱን ቆጠሩ። ልጅቷም አልተቃወመች፤ «የመጀመሪያዋ ፎቶ የእማዬ ትሁን» ብቻ አለች።

የዛሬው ካሜራ ምስል በሺህ ይቆጥራል፤ የፊልም ማለቅ ሰበብ መሆኑ ቀርቷል። እንግዲህ የሚቀረው ፎቶ አንሺው ማንን ያያል የሚለው ጥያቄ ነው።