የዋሂል ሲም ካርዶች

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ነሐሴ 23 ቀን 2014። አዲስ አበባ ገና ሳይደርሳት የእኛ ልጆች በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዘው ከዚራ ላይ ይንጎራደዱ ነበር። ቴሌብር ከገባ ገና አንድ ዓመት ቢያልፈው ነው። ስታርትአፕ የሚሉት ነገር በዚያ ሰሞን እንደ ጉንፋን ተዛመተ፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳይቀር ሲነሳ ሰምቻለሁ።

እኔም በሴቶች ለሚመሩ የቴክኖሎጂ ስታርትአፖች በተዘጋጀ አክስለሬተር ላይ አስተባባሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። የማን ፕሮግራም እንደነበር ይቆየን። አሠራሩ በየአገሩ ያው ነው፦ አመልካቾች ይጣራሉ፣ ለጥቂት ወራት ሥልጠናና አማካሪ ይሰጣቸዋል፣ በመጨረሻ ዳኞችና ባለገንዘቦች ፊት ቆመው ሐሳባቸውን በአምስት ደቂቃ ያስረዳሉ። ስላይዶቹ ለናይሮቢና ለሌጎስ የተሠሩ ነበሩ። መርሐ ግብሩ ከአዲስ አበባ ታትሞ መጣ፤ ዋናው ሥልጠና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይላል። በዚያ ሰዓት ድሬ ምን እንደምትሠራ ማንም አልጠየቀንም።

አሠልጣኙ ላቡን እየጠረገ ባዶ ወንበሮቹን ሲያይ፣ "ሰዉ የት ሄደ?" አለኝ።

"በርጫ ላይ ነው፤ ጫት ይቅማል።"

"ሴቶቹም?"

"እነሱ ለሚቅሙት ሻይና ውኃ እያቀረቡ ነው።"

በማግስቱ ሥልጠናው ወደ ጠዋት ዞረ።

ከተመረጡት ሁሉ ልቤን የወሰዱት ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዷ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረች፣ ሌላዋ አካውንታንት። ከዋሂል የሚመጣው ወተትና እንቁላል ከፊራ ገበያ እስኪደርስ በደላላ እጅ ያልፋል፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ ወተት አይምርም። ሴቶቹ ያላቸውን ማታውኑ በስልክ ቢያሳውቁ፣ የከዚራ ካፌዎች ቀድመው ቢያዙ፣ ክፍያው በቴሌብር ቢገባስ? መተግበሪያውን ሠርተውታል፤ ያምራል፤ በኦሮምኛም ይሠራል።

ዋሂል አብሬያቸው ሄድኩ። በከተማ አስተዳደሩ ሥር ብትሆንም ገጠር ናት፤ ማሽላ፣ ጫትና ፍየል። አንዲት አዴ ቤት ሴቶቹ ተሰበሰቡ፣ ሆጃ ቀረበ። ልጆቹ ስልካቸውን እያሳዩ ሲያስረዱ ሁሉም በጸጥታ ያዳምጣል። ካፌዎቹ በስንት ብር እንደሚገዙ ሲሰማ ቤቱ ተንጫጫ። እዚህ ድረስ ስላይዱ ያለው ሁሉ ሆነ። አካውንታንቷ ናት ከስላይዱ የወጣችው። ደብተሯን ገልጣ እያንዳንዷን፣ "ስልክሽ በማን ስም ነው?" ብላ ጠየቀች።

በባሌ። ድሬ ባለው ልጄ። የወንድሜ ነው፤ ማታ ማታ ይሰጠኛል። በራሷ ስም ሲም ካርድ ያወጣች ከጥቂቶቹ በቀር የለችም። የቤቱ ባለቤት አዴ ነገሩን ቋጨችው፦ "ገንዘቡ ስልክ ላይ ገባ ማለት ለእሱ ገባ ማለት ነው። ቴሌብርሽን ተዪውና በእጄ ስጪኝ።"

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ማንም አላወራም። እኔ የማስበው ግን ስለ ሌላ ፕሮግራም ነበር። በዓለም ባንክ የሚደገፈው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት በ2005 አካባቢ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ከተሞች አንዷ ድሬዳዋ ናት። እሱም የተጋፈጠው ይህንኑ ነው፦ አበዳሪ ቤት አስይዢ ይላል፣ የቤቱ ካርታ ግን በባል ስም ነው። ኋላ በዋስትና ፋንታ የተበዳሪዋን ጠባይና ውሳኔ በጥያቄ እየመዘኑ ማበደር ተሞክሯል። የብድር ሰዎች ዓመታት ፈጅተው የደረሱበትን የቴክኖሎጂ ሰዎች እንደ አዲስ ሊማሩት ነው አልኩ በሆዴ። ካርታው ወርዶ ሲም ካርድ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ሲም ካርድ ደግሞ ያለ መታወቂያ አይወጣም። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ በዚያን ጊዜ ገና በየቦታው አልተዳረሰም፤ ብዙዎቹ የቀበሌ መታወቂያም አልነበራቸውም። ስለዚህ ልጆቹ አማካሪያቸው "የተጠቃሚ ቁጥር አሳድጉ" እያለ ሲወተውታቸው፣ እነሱ ፎቶ አንሺ ይዘው ዋሂል ይመላለሳሉ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጅ ይጠናሉ። ባል ያስፈቀዱበት ቤት አለ። አማት የለመኑበትም አለ። ይህ ሥራ በፕሮግራሙ ሪፖርት ላይ የሚገባበት ረድፍ አልነበረውም፤ እኔው "ልዩ ልዩ" ውስጥ ከተትኩት።

የውድድሩ ቀን ዳኛው፣ "መተግበሪያውን ስንት ሰው አወረደው?" አሉ። አካውንታንቷ፣ "እስካሁን የሠራነው መታወቂያ ማውጣት ነው" ስትል አዳራሹ ሳቀ። ቀጥሎም ኬንያ መቼ ትገባላችሁ ተባሉ። አላሸነፉም። የገረመኝ፣ ከጀርባቸው በተሰቀለው ስላይድ ላይ የታክሲ ጥሪ አገልግሎቱ የራይድ መሥራች የሳምራዊት ፍቅሩ ፎቶ አርአያ ተብሎ ተለጥፎ ነበር። ራይድ እኮ በአጭር መልእክት የተጀመረ፣ ኋላም 8294 ላይ በሚደወል ጥሪ ያደገ ሥራ ነው፤ ሰው ያለውን ስልክ ይዞ የተነሳ። የእኛው የድሬ አሸዋ ገበያ ሴት ነጋዴዎችም ዕቃቸውን ከየት እስከ የት ሲያንቀሳቅሱ ስላይድ ያሳያቸው የለም።

ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረችው አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ሄደች። አካውንታንቷ ቀጠለች። መተግበሪያውን ትታ በተራ ስልክና በደብተር ትሠራለች፤ ሴቶቹ ማታ ይደውላሉ፣ ጠዋት አይሱዙ ላይ ይጫናል። በስሟ ሲም ላላት በቴሌብር ትከፍላለች፣ ለሌላት በእጅ።

ሌላ ዙር ሲጠራ ቅጹን ላኩላት። "የመተግበሪያችሁን ሊንክ አስገቡ" የሚለው ካልተሞላ አይላክም። ማታ ደወለችልኝ።

"አቦ፣ ይሄ ደብተር አይቀበልም አይደል?"

አይቀበልም አልኳት።

"እሺ ተወው። ይልቅ ለሐሙስ ሃያ ሊትር የሚወስድ ካፌ ፈልግልኝ፤ ዋሂል ወተት ተርፏል።"