የጌዴኦ ድንጋዮች፦ መርማሪ ለሚሆኑ ልጆች

ከአዲስ አበባ ማልደው ከተነሡና ሐዋሳ ላይ ዓሣ በልተው ከቀጠሉ፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀውን ዲላን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳሉ። ከተማዋን ለማደሪያ ይያዟትና በማግስቱ ወደ ደጋው ይውጡ። ዛፉ ከላይ፣ እንሰትና ቡናው ከሥሩ ሆኖ ይቀበልዎታል፤ ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንን መልክዓ ምድር ነው።

የወንጀል ምርመራ ታሪክ የሚወዱ ልጆች ካሉዎት ቱቱ ፈላ ይውሰዷቸው። የቆሙትን ድንጋዮች አይተው፣ መቃብር መሆኑን ሲሰሙ «ማን ገደላቸው?» ማለታቸው አይቀርም። «መጀመሪያ ማስረጃውን እንይ» ይበሏቸው። ቀደምቶቹ ድንጋዮች በወንድ ብልት ቅርጽ የተጠረቡ ናቸው (መልሱን ከቤት አስበው ይምጡ)፤ ኋላ የመጡት ግን የሰው ፊት አላቸው። ከአሮጌዎቹ አንዳንዶቹ እንደገና ተጠርበው ፊት ወጥቶላቸዋል። የአንዱ ሟች ድንጋይ ለሌላው ተላልፏል ማለት ነው? እኔ እዚህ ላይ ነው የቆምኩት።

ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዠ ዡሶም ቱቱ ፈላን ቆፍረው አጥንተዋል። በሳካሮ ሶዶ የተካሄደውና በፈረንጆቹ 2021 የታተመው ጥናት ደግሞ የዚያን ሥፍራ ድንጋዮች ወደ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መለሳቸው፤ ቀድሞ ከሚታሰበው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ። እዚያው ከተገኘው ባልጩት አብዛኛው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሰሜን ኬንያ የመጣ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ካርታ ይጠይቃሉ፤ ይዘው ይሂዱ። ድንጋዮቹ ላይ ግን አያስደግፏቸው።

ሌላም ጥያቄ አለ፣ እሱ ጥንታዊ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ያላለቀው ሕንፃም መጠለያ ሆነ። ሰው ሞተ፤ ለእነዚያ ሟቾች ድንጋይ የጠረበ የለም። የጥንቱን መቃብር ለመመርመር ከፈረንሳይ ድረስ ሰው ሲመጣ፣ የትናንቱን ሟች የሚጠይቅለት ወዳጅ ዘመዱ ብቻ ነው።

ማታ ዲላ ተመልሰው ጀበና ቡና ሲጠጡ፣ ከጎንዎ የተቀመጡት ሰው በዚያ ዓመት የት እንዳደሩ ያስታውሱ ይሆናል። ካልጀመሩልዎ አይጠይቋቸው። ከጀመሩ ግን ልጆቹን ዝም ያሰኙ፣ ቡናውም ይቀዝቅዝ።