ደም ግፊትና የሶዶ አቀበት

የደም ግፊት ላለበት ሰው በመጠኑ የሚደረግ አዘውታሪ እንቅስቃሴ የላይኛውን ቁጥር ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ አንድ ክኒን ከሚሰጠው ጥቅም ብዙም አያንስም። መድኃኒቱን ግን አያስቀርም።

ወላይታ ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዳሞታ ተራራ ሥር የተቀመጠች አቀበት የማያጣት ከተማ ናት። ጀማሪ ሜዳ ሜዳውን ይዞ በ10 ደቂቃ እርምጃ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ቀስ በቀስ በሳምንት 150 ደቂቃ ይደርሳል። እየሄዱ ማውራት ከተቻለ ልኩ ደህና ነው፤ ቃል ከተቆራረጠ ማዘግየት ነው። እንደ አቴኖሎል ያለ የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ምት ከመቁጠር ይልቅ ይኸኛው መለኪያ ይታመናል። ዳሞታን መውጣት ግን ለጊዜው ይቆይ።

ብዙም የማይነገርለት አደጋ ትንፋሽ መያዝ ነው። 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ብድግ ሲደረግ ትንፋሽ ከታፈነ ግፊቱ በቅጽበት ያሻቅባል፤ ሲያነሱ ትንፋሽን ማስወጣት ይገባል። አረፍ ብሎ የተለካ ግፊት 180/110 ከደረሰ የዚያን ቀን ስፖርቱ ቀርቶ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ደረት ሲጨንቅ ወይም ራስ ሲያዞር ወዲያው ማቆም፤ ደህና የሆነ ግን ድንገት ቀጥ ሳይል ለ5 ደቂቃ እያዘገመ ይጨርስ፤ አለዚያ ግፊቱ በአንዴ ወርዶ ሊጥለው ይችላል።