ኬዛችን እስኪያልቅ የምንኖረው እዚህ ነው



እማዬ በደወለች ቁጥር «ልጄ፣ ኬዙ ከምን ደረሰ?» ትለኛለች። «ፕሮሰስ ላይ ነው» እላታለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ መልሴ ይኸው ነው። ዛሬ ግን ስለ ኬዝ ሳይሆን ስለ አንድ ኩሬ ልጻፍላችሁ።

በብሎካችን ቦኖ ሥር የሚፈሰው ውሃ መሄጃ አጥቶ ያቁር ነበር። እንደምታውቁት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የወባ ትንኝ በቆመ ውሃ ላይ እንቁላል እንደምትጥል፣ በእንዲህ ያለ ሙቀት ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት እንደሚበቃት ሳስረዳ፣ አንዲት የፎርም ቱ ተማሪዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ ቦኖው ጋ ያለውን ለምን ዝም አላችሁት?» አለችኝ። በዚያ ተርም ሁለት ጊዜ በወባ ተኝታለች። መልስ አጣሁ። ኩሬውን በየቀኑ ዘልዬው ነው የማልፈው።

ምክንያቱ ግን አይጠፋኝም። ካኩማ በ1992 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከተማ አክሏል። እኛ ግን ነገ እንደሚሄድ ሰው ነው የምንኖረው። «የሰው አገር ቦይ ምን አገባኝ» እንላለን። ስብሰባ ሲጠሩን ያለቀውን ሊነግሩን እንደሆነ ስለለመድን፣ ፈርመን፣ ሶዳ ጠጥተን እንመለሳለን።

ቅዳሜ ቦኖው ጋ ተሰበሰብን። እኛ ወንዶቹ «በአሸዋ እንድፈነው» ስንል አንዲት የደቡብ ሱዳን እናት ሳቀችብን። ሌሊት 11 ሰዓት ጀሪካን ይዛ የምትሰለፈው እሷ ናት። በእንጨት አሸዋው ላይ ሥላ አሳየችን፦ የቦዩ ተዳፋት ወደ ቦኖው ስለዞረ ውሃው ተመልሶ ይመጣል። ቦዩን የቆፈሩት ሰዎች አልጠየቋትም። እኛም ጎረቤቶቿ አልጠየቅናትም።

በየቤቱ 50 ሽልንግ አዋጣን፤ እንደ እድር ስም ተጠርቶ፣ የቀረ ተጠየቀ። ሐበሻው፣ ሶማሌው፣ ብሩንዲው፣ ደቡብ ሱዳኑ፣ ጎረቤታችን ቱርካናውም አካፋ ያዘ። በሁለት ቅዳሜ ቦዩን አዙረን ውሃውን ወደ ኒም ችግኞቻችን መራነው። ቧንቧው ራሱ ያንጠባጥብ ስለነበር ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍን፤ እናቶቹ ከላይ ፈረሙ። ሦስት ሳምንት ተመላልሰን ተቀየረልን።

ወባ ጠፋ አላልኩም። አጎበርም መድኃኒትም ያስፈልጋል፤ እሱን ማቅረብ ያለበት አካል ግዴታው አልወረደለትም። ነገር ግን ተማሪዬ አሁን ስታልፍ ያን ኩሬ አትዘልም።

እናንተም ብሎክ ውሃ የሚያቁር ከሆነ፣ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት ወረፋ ላይ የሚቆሙትን ጠይቁ።

እማዬ፣ ኬዙ አሁንም ፕሮሰስ ላይ ነው። ትንኟ ግን ኬዜ እስኪያልቅ አትጠብቀኝም።