ችቦ የማትሻው የእሳት ራት

ቡሄን፣ የደብረ ታቦርን በዓል፣ በስሙ በምትጠራ ከተማ ልዋል ብዬ ነሐሴ 11 ማምሻውን ደብረ ታቦር ገባሁ። እኔ የባቱ ሰው ነኝ፤ ከጽጌረዳ ግሪንሃውስ ሙቀት ወጥቼ 2,700 ሜትር ላይ ስደርስ የጉና ብርድ ጋቢ ሳያስገዛኝ አላሳደረኝም።

በማግስቱ በባጃጅ ወደ ጋፋት ወጣሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን አውሮፓውያን መድፍ ሥሩልኝ ብለው የያዙበት መንደር ነው። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚህ ፈስሶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ድረስ ወጥቷል። አሁን የሚሰማው ከባሕር ዛፍ ላይ የሚንጠባጠበው ዝናብ ብቻ ነው።

ስመለስ መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ ሴት አየሁ። በጥቁር ፕላስቲክ የቆመ ባሕር ዛፍና ጌሾ ደርድራለች፤ ጥጉ ላይ ጥቂት ጽጌረዳ አለ። እጄ አላርፍ ብሎ እንቡጡን እየገለጥሁ ማየት ያዝሁ።

«ወንድምዓለም፣ ልትገዛ ነው ልትበረብር?»

«ይቅርታ እታለም፣ የሥራ አመል ነው» ብዬ ነገርኋት። ኤፍሲኤም የምንላት፣ ከጥፍር የማትበልጥ ግራጫማ የእሳት ራት አለች። እንቁላሏን እንቡጥ ላይ ትጥላለች፤ ትሉ ሰርስሮ ይገባና ውስጥ ውስጡን ይበላል። አንዲት ትል አውሮፓ ኬላ ላይ ከተገኘች ጭነቱ ገበያ አይደርስም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ወዲህ በአፍሪካ ጽጌረዳ ላይ ደንቡን አጥብቋል። ስለዚህ ትራፕ እንሰቅላለን፦ እንደ ድንኳን የታጠፈ፣ ወለሉ ሙጫ፣ መካከሉ ላይ የሴቷን ጠረን የሚተነፍስ ትንሽ ጎማ። ወንዱ በጨለማ ጠረኑን ተከትሎ ይመጣና ይጣበቃል። ስካውት የምንለው ተባይ ተከታታይ በየሳምንቱ ይቆጥራል። ባለፈው ሁለት ከነበረ፣ አሁን ዘጠኝ ከሆነ፣ የእንቡጥ ፍተሻው ይበዛል፤ ርጭትም ይታሰባል። (ጎማውን በባዶ እጁ የነካ ጀማሪ ራሱ ትራፕ ይሆናል እያልን እንቀልዳለን፤ ጠረኑ ቶሎ አይለቅም።)

ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቡተናንት እ.ኤ.አ. በ1959 የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ጠረን ከሐር ትል የእሳት ራት ሲለይ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶች ፈጅቷል። እኛ በካርቶን እናዝዛለን።

ሴትዮዋ ስለ ጀርመኑ አልገረማትም። «ወንዱን ብቻ ነው የምትይዙት? የምትወልደው ሴቷ አይደለችም?» አለችኝ።

በሥልጠና ላይ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። አንድ የተረፈ ወንድ ለብዙ ሴት ይበቃል፤ ያረገዘችው ደግሞ ጠረኑን ዞር ብላ አታየውም። ሙጫው ባዶ ሆኖ እንቡጡ ውስጥ ትል የተገኘበትን ሳምንት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ብቻ አላምንም፤ እንቡጥም እገልጣለሁ።

«እንግዲያ እንደ ውሻ ነዋ፤ ይጮኻል እንጂ አይነክስም።»

አሳቀችኝ። ለካ ትራፑንም ታውቀዋለች። ፎገራ እህቷ ዘንድ በቆሎ መሃል ባልዲ የመሰለ ነገር ተሰቅሎ አይታ የዝናብ መለኪያ መስሏት ነበር። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች አገር ሲገባ በየማሳው መሰቀል የጀመረው ነው። ለድንቹስ ይሆናል ወይ አለችኝ። የድንች የእሳት ራት የራሷ ጠረን አላት፤ የጽጌረዳዋ ጎማ ለእሷ አይሠራም። ደግሞም ሁለቱም ሙቀት ወዳድ ናቸው፤ የዚህ አገር ብርድ ትሉን ሳያዘገየው አይቀርም። ብርዱን ያመሰገንሁት ያኔ ብቻ ነው። አንዲት ጽጌረዳ ገዛሁ፤ ከፈተሽኋት በኋላ።

ማታ ችቦ ሲበራ ከልጆቹ መሃል ቆምሁ። የእሳት ራቱ ወንድ ሴት ሳይል ከየጨለማው እየወጣ ነበልባሉን ይዞራል። እዚህ ጠረን የሚመርጥ የለም፤ ሁሉም ይመጣል። ሳላስበው መቁጠር ጀመርሁ። ዐሥራ አንድ ላይ ስደርስ አንዱ ጎረምሳ ጅራፉን ጆሮዬ ሥር አጮኸው፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ።