ከማሙሽ ወደ አቶ

የካርድ ክፍሏ ልጅ ‹‹አቶ…›› ብላ የታናሽ ወንድማችንን ስም ስትጠራ ሁላችንም ዞር ዞር አልን። አቶ ማን? ባለፈው ወር እዚያው ግቢ፣ ልጆች ክፍል፣ ‹‹ማሙሽ ና›› ነበር የሚባለው። 15 ዓመት ሞላውና በአንድ ወረቀት አቶ ሆነ።

በሽታው ክሮንስ ይባላል። አንጀት ያቆስላል፤ ጋብ ይላል፣ ደግሞ ይነሳል፣ ጨርሶ አይለቅም። ስሙን ያገኘው በ1932 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ስለ በሽታው ከጻፉት ሐኪሞች አንዱ ከነበረው ከቡሪል ክሮን ነው። እኛ ቤት ግን መጀመሪያ አሜባ ነበር፣ ቀጥሎ ታይፎይድ፣ ጎረቤት እንዳለው ደግሞ ቡዳ። ከዚያ የአንጀት ቲቢ ተባለና 6 ወር ሙሉ መድኃኒቱን ዋጠ። በሐኪሞቹ አንፈርድም፤ ሁለቱ በሽታዎች በጣም ይመሳሰላሉ፣ ቲቢ ደግሞ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው።

አዲሱ ሐኪም ‹‹ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?›› አለው። እናታችን መለሰች። ‹‹በቀን ስንቴ ያስቀምጥሃል?›› እኛ መለስን።

‹‹እሱን እኮ ነው የጠየቅኩት።››

ማሙሽ ጫማውን ያያል። ጋዜጠኝነት ስንማር ‹‹ባለጉዳዩን ጠይቁ›› ሲሉን ነበር የከረሙት! እንግሊዝ አገር፣ ሳውዝሀምፕተን የተጀመረ ‹‹ሬዲ ስቴዲ ጎ›› የሚባል አሠራር አለ። ልጁ ከ11 ዓመቱ ገደማ ጀምሮ ስለ ሕመሙ ራሱ መናገር ይለማመዳል። እኛ ጋ ልምምዱም ፈተናው በአንድ ጠዋት ሆነ።

ከልጆች ክፍል የተላከው ወረቀት ሁለት መስመር ነው። ስለ ቲቢው 6 ወር አንድም ቃል የለውም። ሐኪሙ የቲቢ መድኃኒት እንደገና ሊያስጀምረው ሲያስብ እናታችን ፌስታሏን ከፈተች። ሸማ ተራ የሚነግድ ሰው ደረሰኝ አይጥልም። ውጤቱ ሁሉ እዚያ ነበር።

ማታ ‹‹አዛታዮፕሪን›› ማለት አስጠናነው። ነጭ የደም ሴል ሊቀንስ ስለሚችል በየጊዜው ደሙ መታየት እንዳለበትም ነገርነው። ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፣ ሳቅን።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እኛ በር ላይ ቀረን። በሩ ግን ገርበብ ብሏል፣ ይሰማል። ከሸማ ተራ እስከ አውቶቡስ ተራ የትኛው ሽንት ቤት ውኃ እንዳለው፣ የትኛው ካፌ ምንም ሳይገዙ እንደሚያስገባ ለሐኪሙ ይዘረዝርለታል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦ ‹‹ሱቅ ስውል ምሳ አልበላም። ከበላሁ መሮጥ አለብኝ።››

ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳውን ቋጥረን የላክነው እኛ ነን። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ነበር የሚመለሰው።